በአቦ ዕለት የመጣ ጉባኤ

ደስታው እጁን የሚያደርግበት አጣ። ኪሱ ከተተው፣ አወጣው፣ ጠረጴዛው ላይ አሳረፈው፣ መልሶ ኪሱ ከተተው። በባሕር ዳሩ ሆቴል ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ከጧት ጀምሮ እንደቆመ ነው። አንገቱ ላይ ስሙ የተጻፈበት ካርድ ተንጠልጥሏል። ፊት ለፊቱ ከወረታ በማዳበሪያ ከረጢት ጭኖ ያመጣው ዕቃ ተዘርግቷል፤ የሞቱ ስልኮች፣ ከአሮጌ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የወጡ ቦርዶች፣ ጎርፍ የገባበት የሶላር ፓምፕ መቆጣጠሪያ።

ጉባኤው የብርቅ ብረቶችና የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች ዓለም አቀፍ ጉባኤ ይባላል። ብረት የሚያቀልጡ፣ ብረት የሚሸጡ፣ ከብረቱ ደግሞ የስልክና የኮምፒውተር ጥቃቅን ክፍሎች የሚሠሩ ሰዎች ከየአገሩ መጥተዋል። ከደስታው በስተቀኝ ያሉት በመስታወት ሣጥን ውስጥ የሚያብለጨልጭ ብረት ደርድረዋል። በስተግራው አንድ ራሰ በራ ሰውዬ እጅ ላይ ሲያስቀምጡት የሚቀልጥ ብረት ያሳያል። ሰው ተሰልፎ መዳፉን ይዘረጋለታል፤ ብረቱ እንደ ቅቤ ሲቀልጥ ይገረማል፣ ይስቃል። ደስታውም መዳፉን መዘርጋት አምሮት ነበር። ግን ጠረጴዛውን ትቶ መሄድ ፈራ፤ ሰልፉ ውስጥ ገብቶ ከፈረንጅ ጋር መጋፋትንም ፈራ። ወደ እሱ ጠረጴዛ የመጣ ሰው ደግሞ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ሴቶች መጡ። አንደኛዋ ሉሊት ናት፤ ጉባኤውን ካዘጋጁት ጋር የምትሠራ የአዲስ አበባ ልጅ። ወረታ ድረስ ሄዳ የእነደስታውን መጋዘን አይታ የጋበዘችው እሷ ናት። ሁለተኛዋ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች ረጅም ፈረንጅ ነች።

«ደስታው፣ ወይዘሮ ሄልጋ ትባላለች» አለች ሉሊት። «ድርጅቷ ከአሮጌ ቦርድ ውስጥ ወርቁን፣ ታንታለሙን፣ ሌላውንም ብርቅ ብረት ለይቶ ያወጣል። ከእኛ አገር ቦርድ የሚያቀርቡላት ሁለት ቦታዎች ትፈልጋለች። አንዱን አግኝታለች።»

«እሺ» አለ ደስታው። ድምፁ ለራሱም በደንብ አልተሰማውም።

ሄልጋ ቦርዶቹን አንድ በአንድ አገላበጠች። የስንዴ ፍሬ የሚያህሉትን ቢጫ ክፍሎች በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገች፤ ታንታለሙ ያለው እነሱ ውስጥ ነው። ከዚያ ለሉሊት ብዙ ነገረቻት።

«ወድዳዋለች። ግን ስትሠሩ በዓይኗ ሳታይ አትፈርምም። ሽቦ የሚያቃጥሉ፣ በአሲድ የሚያጥቡ ስላሉ ነው። የጉባኤው ሰዎች ወደ ጎንደር ሲያልፉ እናንተ ዘንድ ይቆማሉ። ኦክቶበር አሥራ አምስት። ይመቻችኋል?»

ደስታው በልቡ ቀነሰ። አሥራ አንድ ሲነሣለት ጥቅምት አራት ይሆናል። የአቦ ዋዜማ ነው። ለጥቂት ተረፍን፣ ተመስገን፣ አለ በልቡ።

«ይመቸናል፤ አንቱ እንዳሉ።»

«አንቱ አትበለኝ፤ አረጀሁ እንዴ?» ሉሊት ሳቀች። ደስታው አንገቱን አቀረቀረ።

መጋዘኑ ወረታ መውጫ ላይ፣ ከአስፋልቱ ዳር የቆመ የቆርቆሮ ቤት ነው። ደስታውና ጓደኛው ሲሳይ ከሌሎች የሰፈር ልጆች ጋር ተደራጅተው ከሐሙሲት እስከ ይፋግ እየዞሩ የተበላሸ ኤሌክትሮኒክስ ይሰበስባሉ፤ ፈትተው ይለያሉ። ይወስድላቸው የነበረው ነጋዴ መምጣት ካቆመ ወዲህ ግን ቤቱ እስከ ጣሪያው ሞልቷል። ሄልጋ ካልወሰደችው ሥራው እዚያ ላይ ያበቃል። ሲሳይ ለመተማ ሰሊጥ አጨዳ አብሮት የሚሄድ ሰው ማፈላለግ ጀምሯል። ደስታው ግን ከዚህ ሥራ በቀር ልቡ የሚከፈትለት ነገር የለም። ከሰው ጋር ብዙ መነጋገር አይጠይቅም፤ ካቻቢቴ ይዞ ብሎን መፍታት ነው።

ጥቅምት አራት ሁሉም የክት ልብሱን ለብሶ መጋዘኑ ደጃፍ ተቀመጠ። ግቢው ተጠርጓል፣ ውኃ ተርከፍክፎበታል። አውቶቡስ ከባሕር ዳር በኩል ብቅ ባለ ቁጥር ሁሉም ይነሣል፤ አውቶቡሱ ሳይቆም ያልፋል፤ ሁሉም ይቀመጣል። ቀትር ሆነ። ደስታው መሣሪያዎቹን ደርድሮ በተናቸው፣ መልሶ ደረደራቸው።

«ቂጥህ ጉንዳን አለበት እንዴ? ተቀመጥ እንጂ» አለው ሲሳይ።

«መንገድ ጠፍቷቸው ይሆን?»

«አንድ መንገድ እንዴት ይጠፋል? ይልቅ ፀሐዩ ሸሚዜን ሳያበላሸው ደውልላት።»

ደስታው መደወል አይወድም። ስልኩን ይዞ ከመጋዘኑ ጀርባ ዞረ። እዚያ የሩዙ ማሳ ይጀምራል፤ እስከ ጣና ድረስ የተነጠፈ ነው። ዘለላው ፍሬ መያዝ ጀምሮ ወደ ጎን ዘንበል ብሏል።

«ሉሊት፣ ቀራችሁ ወይ?» አላት።

«የት?»

«ኦክቶበር አሥራ አምስት አላልሽኝም?»

«ዛሬ እኮ አሥራ አራት ነው። የምንመጣው ነገ ነው። ምነው፣ ችግር አለ?»

ደስታው ቀኑን በጣቱ ቆጠረ። ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት የለመደውን ሒሳብ ነበር ዘንድሮም የሠራበት። ዘንድሮ የሚነሣው አሥር ብቻ ነው። ችግር አለ፣ ነገ አቦ ነው፣ ማለት ነበረበት። አፉ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

«የለም» አለና ዘጋው።

ሲሳይ ሲሰማ እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። «ከዓመቱ ቀን ሁሉ የጥቅምት አቦን መረጥክ!»

በዚያ የሩዝ ሜዳ በጥቅምት አቦ አይታረስም፣ እንጨት አይፈለጥም፣ ወፍጮ አይሽከረከርም። ከሁሉም በላይ ብረት በብረት አይመታም። ሩዙ ፍሬ የሚይዝበት ጊዜ ነው፤ አንድ ጊዜ በረዶ ቢወርድ የዓመቱ እህል ጭቃ ውስጥ ይቀራል። በረዶ ሲወርድ ደግሞ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው፣ ማን በዓል ሻረ፣ ብሎ ነው። የሻረው ሰው ከታወቀ ከዚያ በኋላ ለቅሶው ላይ የሚቆምለት፣ ደቦ ሲጠራ የሚመጣለት አይኖርም።

ማታ ደስታው አባቱን አያ መንግሥቴን ከበረቱ ደጃፍ አገኛቸው። ላሞቹን እያሰሩ ነበር።

«አባባ፣ እንግዶቹ ነገ ነው የሚመጡት።»

«ይምጡ። እንግዳ መቀበል በዓል አይሽርም።»

«ስንሠራ ማየት አለብን ይላሉ።»

አያ መንግሥቴ ገመዱን ጠበቅ አደረጉት። «ታዲያ በሌላ ቀን ኑ በላቸው።»

«ከነገ ወዲያ በአውሮፕላን ይሄዳሉ። ነገ ካላዩ ሄደው ቀሩ ማለት ነው።»

አባቱ የላሟን አንገት ዳሰሱ። ላሟ እጃቸውን ላሰች።

«እኔ አትሥራ አልልህም» አሉ በመጨረሻ። «የኔ ሩዝ ቢመታ ልጄ ነው ብዬ እችለዋለሁ። የአያ ይርዳው ሩዝ ግን የኔ አይደለም። የእትዬ አማከለችም የኔ አይደለም። በሰው ሩዝ እሺ ልልህ አልችልም።»

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ነጭ እንደለበሰ ወደ መጋዘኑ መጣ። የእንግዶቹ ወሬ አገር አዳርሷል። መሪጌታ ዘመነ መቋሚያቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ አጠገባቸው አያ ይርዳው። እትዬ አማከለች የዝክሩን ዳቦ በሰፌድ ይዛ አጥሩን ተደግፋ ቆመች።

«መሪጌታ» አለ ሲሳይ፣ «እስቲ አንድ ነገር ይፍረዱን። ብሎን መፍታት ሥራ ነው?»

«ብሎኑ ምንድን ነው?»

ሲሳይ አንድ ስልክ አንሥቶ በካቻቢቴ ፈትቶ አሳያቸው። መሪጌታ ጎንበስ ብለው አዩ።

«ይኸ እንደ ቁልፍ መፍታት ነው። በአቦ ቀን ሸሚዛችሁን አታውልቁ የሚል አላየሁም።»

«እንዲህማ ካሉ ነገ ሞፈር መፍታትም ልብስ ማውለቅ ነው ሊሉን ነው!» አሉ አያ ይርዳው።

«አንተ በሩዝህ ፈርተህ እንጂ ለአቦስ አልተቆጣህም።»

«በሩዜ እንዴት አልፈራም? እሱን አይደል የምበላው!»

ሰዉ ሳቀ። በመጨረሻ መሪጌታ ነገሩን ቆረጡት፤ መፈታት ያለበት በእጅ ይፈታ፤ መዶሻ ግን አይነሣ። ደስታው ትንሽ ተነፈሰ። ስልክና ሬዲዮ ብቻ ቢያሳዩ ይበቃ ይሆናል አለ በልቡ።

አውቶቡሱ ግን አልመጣም። ሦስት ሰዓት አለፈ፣ ስድስት ሰዓት አለፈ። ደስታው መንገዱን ያያል፣ ዞሮ ሰማዩን ያያል። በጉና ተራራ በኩል ዳመናው እየተቆለለ፣ ከሥሩ እየጠቆረ ነው። ሽማግሌዎቹም ያንኑ ነው የሚያዩት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ትልቅ ነጭ አውቶቡስ መጋዘኑ ፊት ቆመ። ጃፓን፣ ሕንድ፣ ፈረንጅ፣ ሐበሻ ተግተልትሎ ወረደ። የሚቀልጠውን ብረት ያሳይ የነበረው ራሰ በራም አብሯቸው አለ። እትዬ አማከለች ሰፌዷን ይዛ መሀላቸው ገባች።

«እንኩ፣ የአቦ ነው። ቁረስ እንጂ አንተ ፀጉር የሌለህ፤ አትፈር!»

ሰውዬው ዳቦውን ተቀብሎ በሁለት እጁ እንደያዘ ቀረ።

ሄልጋ መጋዘኑን ዞራ አየች። ያልተቃጠለ ሽቦ፣ የተለየ ቦርድ፣ በየቆርቆሮው የተቀመጠ ብሎን። የቃጠሎ ጠባሳ እንዳለ መሬቱን ሳይቀር አየች። ሲሳይ ስልክ ፈታላት፤ ሬዲዮ ፈታላት። ራሷን እየነቀነቀች አየች። ከዚያ ጥግ ላይ ወደተቆለሉት የፓምፕ መቆጣጠሪያዎች ሄዳ አንዱን በጫማዋ ጫፍ ነካችው።

«ብዙው ታንታለም እዚህ ውስጥ ነው ትላለች» አለች ሉሊት። «እሱን ስትከፍቱ ማየት ትፈልጋለች።»

የመቆጣጠሪያው ሣጥን በጎርፍ ዝጎ ተጣብቋል። ብሎኑ አይፈታም። መሮ ከጠርዙ ገብቶ በመዶሻ ካልተመታ አይከፈትም። ሲሳይ መዶሻውን አነሣና ለደስታው ሰጠው።

«አንድ ጊዜ ብቻ» አለው በጆሮው። «አንዴ ምታውና እንገላገል። በአውቶቡሱ ድምፅ ማንም አይሰማም።»

ደስታው መዶሻውን ተቀበለ። ቀና ሲል አጥሩን አየ። ሰዉ ሁሉ ተነሥቶ ቆሟል። አባቱ ከሁሉም ኋላ ናቸው፤ እሱን ሳይሆን መሬት መሬቱን ያያሉ። ከኋላቸው ሩዙ በነፋሱ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ነፋሱ መቀዝቀዝ ጀምሯል። ሄልጋ እየጠበቀች ነው። እንግዶቹ ስልካቸውን አውጥተው ሊቀርጹ ተዘጋጅተዋል።

መዶሻውን መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ሉሊት፣ ዛሬ አልመታም በያት።»

«ምን?»

«ዛሬ አቦ ነው። ቀኑን የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።» በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ሲናገር የመጀመሪያው ነበር። «ዛሬ እዚህ ብረት በብረት አይመታም። ሩዙ ፍሬ ይዟል።»

ሉሊት ተረጎመች። ሄልጋ ሩዙን አየች፣ ሰማዩን አየች፣ አንድ ነገር ጠየቀች።

«መዶሻህ በረዶ ያመጣል ብለህ ታምናለህ ወይ ትላለች።»

ደስታው አሰበ። «አላውቅም። በረዶ ከመጣ ግን ያመጣው የኔ መዶሻ ነው።»

ሄልጋ ሰዓቷን አይታ በዝግታ ተናገረች፤ ሉሊትም እያፈረች ተረጎመች። ሄልጋ አልተቆጣችም፤ ግን ያላየችውን ሥራ አየሁ ብላ አትፈርምም። ነገ ረፋድ ላይ ከጎንደር ይበራሉ። እንግዶቹ ወደ አውቶቡሱ መመለስ ጀመሩ።

ሲሳይ መዶሻውን አንሥቶ ወደ ጥግ ወረወረው። «መልካም መንገድ! እኔም መልካም መንገድ፣ ወደ መተማ!»

ደስታው በቆመበት ቀረ። ሞተሩ ተነሣ። በሩ ሊዘጋ ሲል ግን እግሩ ራሱ ሄደ፤ ሮጦ በሩን በመዳፉ መታው።

«ሉሊት! ነገ ጧት የት ናችሁ?»

«ጎንደር፣ ሆቴል።»

«እመጣለሁ። አሁን አብሬያችሁ ልሂድና ነገ ጧት እዚያ ልክፈትላት። መጋዘኑን አይታዋለች፤ የቀረው መክፈቱ ነው።»

ሉሊት ወደ ውስጥ ዞራ ተናገረች። ሄልጋ ከመስኮቱ አጠገብ ሆና ራሷን ነቀነቀች። ሹፌሩ ክላክስ ነፋ።

ዕቃው ይጫን ሲባል ሌላ ክርክር ተነሣ። ሦስት የዛጉ መቆጣጠሪያዎች ከመሮውና ከመዶሻው ጋር ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ገብተዋል፤ ይከብዳሉ።

«መጫንስ ሥራ አይደለም?» አለ ከአጥሩ በኩል አንድ ሰው።

«የእንግዳ ጓዝ መሸኘት ነው» አሉ መሪጌታ። «ነገም ቁስቋም ናት፤ ግን የወር ናት፣ ታልፈዋለች።»

አያ ይርዳው ያለወትሯቸው ከረጢቱን በአንድ በኩል ያዙ። በሌላው በኩል አያ መንግሥቴ ያዙት። ሁለቱ ሽማግሌዎች በነጭ ጋቢያቸው ላይ ዝገቱን እያስነኩ አውቶቡሱ ሆድ ውስጥ ከተቱት። ደስታው አባቱን ለመሳም ጊዜ አላገኘም። ልብስ አልያዘም፤ ብር አልያዘም፤ ሲሳይ የኪሱን አውጥቶ በመስኮት አቀበለው።

«እዚያም ልብህ ከከዳህ መዶሻውን ጣለውና ና፣ የጉድ ልጅ!» አለው። ፊቱ ግን ፈካ ብሎ ነበር።

አውቶቡሱ ይፋግን ሲያልፍ ጣሪያው ላይ አንድ ነገር ጠጠር እንደተወረወረ ሆኖ ጮኸ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ በረዶው ወሬ እስከማይሰማ ድረስ ወረደ። እንግዶቹ እየሳቁ መስኮቱን በስልካቸው ቀረጹ። ደስታው ከመቀመጫው ተነሣ፤ የሚሄድበት የለም፤ ተቀመጠ፤ እንደገና ተነሣ። ነጭ ነገር አስፋልቱ ላይ ይነጥራል። ወደ ኋላ፣ ወደ ወረታ በኩል ያለው ሰማይ አንድ ዓይነት ጥቁር ነው።

ደወለ። አይሰማም። ደወለ። አዲስ ዘመን ሲደርሱ አባቱ አነሡ።

«አባባ፣ ወረደ?»

«ወረደ።»

«የኛ?»

«ጫፉን ነካ አድርጎታል። ከመንገዱ በታች ያለው ነው የተመታው።»

«ሰው ምን አለ?»

«ማን ሻረ እያለ ነዋ። አማከለች አውቶቡሱ ነው ብላለች።» አባቱን ሳል ያዛቸው። «አንተ እንዳልሆንክ አገር በሙሉ አይቷል። መዶሻውን ስታስቀምጥ ያላየህ የለም። አሁን ሥራህን ሥራ።»

ስልኩ ተዘጋ። ጫፉን፣ አሉ። ደስታው አባቱን ያውቃቸዋል፤ እግራቸው ቢሰበር ወለም አለኝ የሚሉ ሰው ናቸው። ሉሊት ምን ሆንክ ብላ ጠየቀችው። ምንም፣ አላት። ከዚያ እንደገና ዞሮ ነገራት። ሉሊት ለሄልጋ ነገረቻት። ሄልጋ ወደ እሱ ዞራ አየችው፤ ከዚያ እስከ ጎንደር ስልኳን አውጥታ አልቀረጸችም።

በማግስቱ ጧት፣ ፀሐይ የሆቴሉን ግቢ ሳታዳርስ፣ ደስታው ከኩሽናው ጀርባ ሲሚንቶ ላይ ተንበረከከ። መሮውን ከጠርዙ አስገባ፣ መታ። ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ ሄደ፤ እጁ ለአንድ አፍታ ቆሞ ጆሮው ሰማይ ሰማዩን አዳመጠ። ከዚያ መታ፣ መታ፣ ሣጥኑ ተከፈተ። ቦርዱን አወጣ፣ ቢጫዎቹን ክፍሎች ሳይሰብር ነቀለ፣ መዳፉ ላይ አድርጎ ዘረጋላት። ሄልጋ ጎንበስ ብላ አየች። ሁለተኛውን ክፈትልኝ አለች፤ ከፈተ። ሦስተኛውን አልጠየቀችም። እጇን ዘረጋችለት።

«ከኅዳር ጀምሮ መኪና ትልካለች» አለች ሉሊት፤ ከእሱ ይልቅ እሷ ናት የዘለለችው። «የመጋዘኑን በሙሉ ትወስዳለች። በዓል ሲሆን ደግሞ አስቀድማችሁ ንገሩን ብላለች። ደስታው፣ ሰማኸኝ? ና ቁርስ እንብላ!»

«ሰምቻለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። መሄድ አለብኝ።»

ለሲሳይ እየሮጠ ደወለለት፤ በስልኩ ውስጥ የጮኸውን ጩኸት መንገደኛው ሁሉ ሰማው። መናኸሪያ ሲደርስ የወረታ ሚኒባስ ቆሟል፤ ውስጡ ሁለት ሴቶችና አንድ ዶሮ የያዘ ሰው ብቻ ናቸው። ደስታው በሩ አጠገብ ተቀመጠ።

«መቼ ትነሣላችሁ?»

«ሲሞላ» አለ ረዳቱ፣ ሸንኮራ እየላጠ።

ተቀመጠ። ወረደ። ጎማውን አየ። ገባ። ማሳው ዓይኑ ላይ ይመጣል፤ አንዴ ጫፉ ብቻ ጎንበስ ብሎ፣ አንዴ በሙሉ ጭቃ ውስጥ ተኝቶ። ረዳቱ ሸንኮራውን ያኝካል እንጂ ሰው አይጠራም።

«አንተ፣ ጥራ እንጂ!»

«ደክሞኛል። ከቸኮልክ ራስህ ጥራ።»

ሴቶቹ ሳቁ። ደስታው ወረደ። መናኸሪያው በሰው ተሞልቷል፤ ሁሉም የሚያየው መሰለው። አንድ ጊዜ አፉን ከፈተ፤ ድምፁ አልወጣም። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወረታ!» አለ። አንድ ሽማግሌ ዞረው አዩት። «ወረታ! ወረታ! በአዲስ ዘመን፣ ይፋግ፣ ወረታ! አባባ፣ ወረታ ነዎት? ይግቡ፣ አሁን ነው የሚነሣው! ወረታ!»